የተሰረዙት ሁለት ቃላት

አቶ ዓምሃ በዕድሜያቸው ካጠፏቸው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ሁለት ቃል መሰረዛቸው ነው። ያውም በቀይ እስክሪብቶ፣ ያውም አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ያውም ተጨብጭቦላቸው።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የካርታ ንድፍ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። አጥሩን ጠገኑ፤ በሩን ቀቡ፤ የሚጠገን ሲያልቅባቸው ወጥ ቤት ገብተው የሚስታቸውን የቅመም ብልቃጦች በፊደል ተራ ደረደሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ግማሽ ቀን ካጠፉ በኋላ፣ "ዓምሃ፣ በእመብርሃን ይዤሃለሁ፣ የሆነ ነገር ላይ ተመረጥ" አሏቸው። ተመረጡ። ጉለሌ ውስጥ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ዓመት ሳይሞላቸውም የሕግና የጸጥታ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደረጉ። ከስብሰባ የማይቀር፣ ሰነድ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ተወዳዳሪ አልገጠማቸውም።

ነገሩ የጀመረው ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ አንድ ዳገታማ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ከአስፋልቱ ተነስቶ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣና አንድ የአጥንት ሕክምና ማዕከል በር ላይ ያበቃል። ማዕከሉ ሌላ መግቢያ የለውም። ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ለስላሳ የሚያራግፈው መኪና፣ ሁሉም እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ይፋጠጣል፤ በመካከላቸው እግሩን በጀሶ የታሰረ ሰው በክራንች ይሹለከለካል። ስለዚህ ምክር ቤቱ መንገዱን ለእግረኛ ብቻ ሊያደርገው አሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የቀረበውም ረቂቅ ጥሩ ነበር፤ "ከአምቡላንስ በስተቀር ማናቸውም ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በዚህ መንገድ ላይ መሽከርከር የተከለከለ ነው" ይላል።

አቶ ዓምሃ እጃቸውን አወጡ።

"ጋሪስ? ብርቱካን የሚሸጥበት ጋሪ ሞተር የለውም። መንገድ ግን ይዘጋል። ነገ ነጋዴው ሁሉ መኪናውን ትቶ በጋሪ ቢመጣ ምን ልንል ነው?"

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ግን ልክ ናቸው ተባለ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ናዝሬት "እንግዲያስ ምን ይደረግ ይላሉ?" ሲሏቸው እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው "ሞተር ያለው" የሚለውን ሰረዙት።

"በቃ። አሁን ቀዳዳ የለውም" አሉ።

ተጨበጨበ፤ ጸደቀ።

መንገዱ ግርጌ ላይ ሰንሰለት ተዘረጋ፣ ታፔላ ቆመ፣ ፖሊስ ተመደበ። ፖሊሱ ኮንስታብል ኦልያድ ይባላል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ካለው አገር የመጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ቆቡ ትንሽ የሚሰፋው ቀጭን ልጅ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት ስሙ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ከሳሹ መንገዱ ዳር ካፌ ያለው ዘርዓብሩክ ነው። ዘርዓብሩክ የለስላሳ ሳጥን ከአስፋልቱ ድረስ በትከሻ ማስመጣት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ሰንሰለቱን መጠበቅ ሆኗል፤ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ በስልኩ ይቀርጻል። ያመጣው ቪዲዮ ኦልያድ ሰንሰለቱን አንስቶ አንድ ላዳ ታክሲ ሲያሳልፍ ያሳያል።

"ለምን አሳለፍከው?" አሉ አቶ ዓምሃ።

"ውስጥ የነበረው ሰውዬ እግሩ ተሰብሯል፣ ክቡር ሰብሳቢ። አምቡላንስ ተደውሎ አልመጣም። ይሄ እንኳ ቢያልፍ ችግር የለውም ብዬ ገመትኩ።"

"ገመትክ!" አሉ አቶ ዓምሃ። "ዛሬ ለተሰበረ እግር ትገምታለህ፣ ነገ ለአጎትህ ልጅ ትገምታለህ። ልጄ፣ አንተ ሕግ አስከባሪ ነህ እንጂ ሕግ ተርጓሚ አይደለህም።"

ይቺን አነጋገራቸውን ራሳቸውም ወደዷት። ቤት ሲገቡ ለሚስታቸው ደገሙላቸው። ኮሚቴው በዚያው ዕለት አንድ ገጽ ትእዛዝ አወጣ፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚመደብ ፖሊስ በራሱ ግምት ማንንም አያሳልፍም፤ የመለሰውን ተሽከርካሪ ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ጽፎ በየቀኑ ለኮሚቴው ይልካል። ኦልያድ አንብቦ ፈረመ። አቶ ዓምሃም ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ አንድ ቀን አልተቋረጠም። አቶ ዓምሃ የታችኛዋን መስመር፣ ድምሩን ያዩና ዳሩ ላይ "ታይቷል" ብለው ይፈርማሉ። ሰነድ እስከ መጨረሻው የሚያነቡት ሰውዬ፣ እውነት ለመናገር፣ እነዚህን ከመጨረሻው ጀምረው እዚያው ጨረሷቸው። በወሩ ማብቂያ ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ሦስት መቶ አርባ ተሽከርካሪዎች ከመንገዱ መመለሳቸውን፣ አንድም በግምት ያለፈ አለመኖሩን አበሰሩ። እንደገና ተጨበጨበ።

በማግስቱ ወይዘሮ ገበያነሽ መጋረጃ ሊሰቅሉ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሐኪሙ "አሁን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ያስፈልግዎታል" ብሎ ዳገቱ ጫፍ ወዳለው ማዕከል ጻፈላቸው። እድራቸው ዊልቸር አዋሳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲው አስፋልቱ ዳር አወረዳቸው። አቶ ዓምሃ ሚስታቸውን ዊልቸሩ ላይ አደላደሉ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ከጎማው ላይ ሰበሰቡና እየገፉ ወደ ሰንሰለቱ ቀረቡ። መንገዱ ጸጥ ብሏል። ጭስ የለ፣ ጥሩምባ የለ።

"አየሽ?" አሉ። "እኛ የሠራነው ይሄን ነው።"

"አየሁ" አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

ኦልያድ ሲያያቸው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ፊቱ ላይ ግን ጭንቀት ይነበብ ነበር።

"እንደምን አደሩ ክቡር ሰብሳቢ። እማማ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት።"

"አሜን፣ የኔ ልጅ።"

"እ... ማለቴ... እርስዎና እማማ ማለፍ ትችላላችሁ። ተሽከርካሪው ግን አይችልም።"

አቶ ዓምሃ ከኋላቸው መኪና የቆመ መስሏቸው ዞሩ። ምንም የለም። "የምን ተሽከርካሪ?"

ኦልያድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በአገጩ ጠቆመ። "ተሽከርካሪ ወንበሩ።"

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ዊልቸር ነው!"

"ልክ ነው። በአማርኛ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚባለው። ደንቡ ደግሞ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ማናቸውም ተሽከርካሪ ይላል።"

ወይዘሮ ገበያነሽ ፍርድ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት የሠሩ ሴት ናቸው። ወረቀት ላይ ያለ ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ዳሌያቸውን እያመማቸው መሳቅ ጀመሩ። አቶ ዓምሃ ግን ደማቸው ፈላ።

"ጭንቅላት የለህም? ትንሽ አታገናዝብም? የታመመች ሴት ናት! ይሄ... ይሄ ሳይጻፍም የሚታወቅ ነገር ነው!"

ኦልያድ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን ግምት ተከልክሏል። ሕግ አስከባሪ እንጂ ሕግ ተርጓሚ አይደለህም ብለውኛል። ይኸው ፊርማዬ። ይኸው የእርስዎ።"

አቶ ዓምሃ ፊርማቸውን አዩት። ጥሩ ፊርማ ነበር፤ የንድፍ ሠራተኛ እጅ ነው።

"ልጄ" አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ሳቃቸው ድንገት ቆሞ፣ "ከኔ በፊት በዊልቸር የመጣ ሰው አለ?"

"አሥራ ሰባት፣ እማማ። ሁሉንም መልሻለሁ። ለኮሚቴው በየቀኑ ጽፌያለሁ፤ አንድ ሰው 'ይሄማ አይሆንም' ብሎ ይጽፍልኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር። 'ታይቷል' እየተባለ ይመለስልኛል።"

ወይዘሮ ገበያነሽ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። አቶ ዓምሃ ታፔላውን አዩ።

ወይዘሮ ገበያነሽም ወደ ታፔላው ዞሩና መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። "እዚህ ላይ የተከለከለው ማለፍ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "'መሽከርከር' ነው የሚለው። ካልተሽከረከረስ?"

ኦልያድ ቀርቦ አነበበ። ደግሞ አነበበ። "ካልተሽከረከረ..." አለ ቀስ ብሎ፣ "ካልተሽከረከረ የሚከለክለው የለም።"

አቶ ዓምሃ ኮታቸውን አወለቁ። ዊልቸሩን ከነሚስታቸው ብድግ ሊያደርጉ ሞከሩ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ወንበሩ በአንድ ጎኑ ጋደለ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ጮኹ። ኦልያድ ወደ ሰንሰለቱ ተመለከተ፤ ወደ አስፋልቱ ተመለከተ፤ ቆቡን አወለቀና ወይዘሮ ገበያነሽ ጭን ላይ አስቀመጠው።

"ያዙልኝ፣ እማማ። ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ በኩል ይግቡ። በጉልበትዎ ያንሡ እንጂ በወገብዎ አያንሡ።"

እንዲህ አድርገው ዳገቱን ተያያዙት። በየመቶ ሜትሩ ማሳረፍ ነበረባቸው፤ ባሳረፉ ቁጥር ኦልያድ ጎማው አንዲት ስንዝር እንዳይንሸራተት ፍሬኑን ይይዛል። መንገደኛው ቆሞ ያያቸዋል። መጽሐፍ የታቀፈ አንድ የሕክምና ተማሪ "ለምን አትገፉትም?" ሲል ጠየቃቸው፤ አቶ ዓምሃ የሚያስረዱበት ትንፋሽ ስላልነበራቸው ተማሪው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አንዱን ጎን ያዘላቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ ከላይ ሆነው ኦልያድን እናቱ በሕይወት እንዳለች፣ ስንት ወንድም እንዳለው፣ ቁርስ በልቶ እንደወጣ ይጠይቁታል። ቁርስ አልበላም ነበር። እላይ ሲደርሱ የአቶ ዓምሃ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ወሰደ። ደቂቃውን በትክክል የምናውቀው ዘርዓብሩክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለቀረጸው ነው። በእነዚያ ሃያ ሁለት ደቂቃዎች ሰንሰለቱ ሰው አልነበረበትም፤ ሦስት ሚኒባስና አንድ ለስላሳ የጫነ መኪና ገቡ። የለስላሳው መኪና ያራገፈው የዘርዓብሩክ በር ላይ ነበር፤ ይህ ግን በቪዲዮው ውስጥ የለም።

አቤቱታው በማግስቱ ለምክር ቤቱ ደረሰ። ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ኮንስታብሉ የሥራ ቦታውን ጥሎ ሄዷል። ሁለተኛ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ፖሊስን ለግል ሸክም አሠርተዋል። ወይዘሮ ናዝሬት የመንገዱ ደንብና የፖሊሱ ቁጥጥር አንድ ላይ የሚታይበት ልዩ ስብሰባ ጠሩ።

አቶ ዓምሃ በዚያው ጠዋት ቢሯቸው ገብተው መከላከያ መጻፍ ጀመሩ። አራት ገጽ ሞላላቸው፤ አንቀጽ ከነንዑስ አንቀጹ። ለማስረጃ ብለው የኦልያድን ሪፖርቶች አወጡና በመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ጀምረው አነበቧቸው። ልጁ ዓይነቱን ብቻ አልጻፈም። "ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ። አዛውንት፣ ልጃቸው እየገፋቸው። ተመልሰዋል።" "ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ። ሕፃን ሴት ልጅ፣ እናቷ አዝላት ለመውጣት ሞክራ ግማሽ ላይ ደክሟት ተመልሳለች።" "ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ወጣት። ከእንግዲህ አልመጣም ብሏል።" ከእያንዳንዱ ጎን፣ በሚያምር እጅ፣ "ታይቷል" ይላል። ሻይ ይዛ የገባችው ሠራተኛ አሟቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

የስብሰባው ዕለት ሌላ ነገር ተከሰተ። የምክር ቤቱ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ኦልያድ ከመለሳቸው ሰዎች አምስቱ ወሬውን ሰምተው በየዊልቸራቸው መጥተው ምድር ቤት ደረጃው ሥር ቀሩ። ወይዘሮ ገበያነሽም ከእነሱ ጋር ነበሩ። አቶ ዓምሃ ስብሰባው ወደ ግቢው ይውረድ ብለው ጠየቁ። ምክር ቤቱ ከአዳራሹ ውጭ ሊሰበሰብ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ አርባ ደቂቃ ክርክር ተደረገ፤ በመጨረሻ ወይዘሮ ናዝሬት ቦርሳቸውን አንስተው "እኔ ወርጃለሁ፤ የሚከራከር እዚህ ይቆይ" አሉና ሁሉም ተከትሏቸው ወረደ።

ግቢው ውስጥ ዘርዓብሩክ ቪዲዮውን አሳየ። ቀጥሎ ኦልያድ ተጠራ።

"ቦታህን ለምን ለቀቅክ?" አሉት ወይዘሮ ናዝሬት።

"ሰውዬው ብቻቸውን አይችሉም፣ እማማን ይጥሏቸዋል ብዬ..." ኦልያድ ንግግሩን አቋረጠ። "ገመትኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።"

አቶ ዓምሃ በእጃቸው የያዙትን አራት ገጽ ለሁለት አጠፉ፤ ደግመው አጠፉ፤ ኪሳቸው ከተቱት።

"ክብርት አፈ ጉባኤ፣ የዚህ ልጅ ጥፋት እሱ አይደለም" አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልሞላላቸውም። "ይህ ልጅ አንድ ጊዜ እንደ ሰው አሰበ፤ ጠርቼ ተቆጣሁት። ከዚያ አታስብ አልኩት፤ እሺ አለኝ። አሥራ ሰባት በሽተኛ መልሶ አሥራ ሰባት ጊዜ ጻፈልኝ። እኔ ድምሩን አየሁ። ድምሩን ለእናንተ ሳነብላችሁ አጨበጨባችሁ፤ እኔም ከእናንተ ጋር አጨበጨብኩ። 'ሞተር ያለው' የሚለውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይመለስልኝ።"

ከዊልቸሮቹ በኩል አንዲት እናት፣ በዊልቸር ያመጣቻትን ሴት ልጇን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ "ሚስትዎ ባይወድቁ ኖሮስ?" አለች።

አቶ ዓምሃ "አላውቅም" አሉና ተቀመጡ።

ምክር ቤቱ በዚያ ቀን ብዙ ወሰነ። ቃላቱ እንዲመለሱ በሙሉ ድምፅ ተስማማና ጉዳዩን በጥልቀት አጥንቶ እንዲያቀርብ ለሕግና የጸጥታ ጉዳዮች ኮሚቴ መራው። ማሻሻያው ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ነባሩ ደንብ እንዲጸና አዘዘ። የፖሊሱን ጉዳይም አሻሻለ፤ "የሰው ጤና በሚጎዳበት ጊዜ የፖሊስ አባሉ ግምቱን መጠቀም ይችላል፤ ሆኖም ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ አለበት" ተባለ። ለኦልያድ ስላሳየው ሰብአዊነት የምስጋና ደብዳቤ፣ ቦታውን ስለለቀቀ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። ሁለቱም በአንድ ፖስታ ደረሱት። አቶ ዓምሃ ከሰብሳቢነት ሊለቁ ማመልከቻ አስገቡ፤ የሥራ መልቀቂያ የሚታየው በመደበኛ ጉባኤ ብቻ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንዲሠሩ ተነገራቸው። ዘርዓብሩክን ስለ ለስላሳው መኪና የጠየቀው ሰው የለም።

ማሻሻያው ዘጠኝ ሳምንት ወሰደ። በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት አቶ ዓምሃ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ ሥር ይገኛሉ። መጀመሪያ ለሚስታቸው ብለው ነበር፤ ከዚያ ሚስታቸው የማይታከሙበትም ቀን መምጣት ጀመሩ። ያ ተማሪ ሁለት ጓደኞቹን አመጣ፤ ከእድሩ ሁለት ጎረምሶች ተጨመሩ። ወንበር ሲመጣ አራት ሆነው ያነሣሉ። ኦልያድ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሰንሰለቱን ግን ለተሸካሚ እንዲመች ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሰንሰለት ዝቅ ማድረግን የሚከለክል አንቀጽ አላገኘም። ሪፖርቱ ላይ "ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ። አልተሽከረከረም" ብሎ ይጽፋል። አቶ ዓምሃ ቢሮ ሲገቡ ይቺን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ያነቧታል፤ ዳሩ ላይም ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ስም ይጨምራሉ።

በስምንተኛው ሳምንት ወይዘሮ ገበያነሽ ዊልቸሩን ለእድሩ መልሰው በከዘራ መጡ። አቶ ዓምሃ ክንዳቸውን ሊሰጧቸው ሲሉ ከአስፋልቱ በኩል ታክሲ ቆመ፤ ያቺ ስብሰባው ላይ የጠየቀቻቸው እናት ልጇንና ዊልቸሯን ይዛ ወረደች። ከተሸካሚዎቹ ያን ቀን የመጣው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር።

አቶ ዓምሃ ወደ ሚስታቸው አዩ፤ ወደ ታክሲው አዩ።

"ምን ትገተራለህ? ሂድ፣ አንሣ እንጂ" አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። "እኔ እደርሳለሁ።"

አቶ ዓምሃ ኮታቸውን አውልቀው ሰንሰለቱ ላይ ሰቀሉና ወደ ታክሲው ወረዱ። ልጅቷ ቀላል ነበረች፤ ወንበሩ ነው የሚከብደው። ተማሪው በአንድ ጎን፣ እሳቸው በሌላው ገብተው፣ እናትየው ከኋላ ይዛ ብድግ አደረጉት። ቀና ሲሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ዳገቱን ሃያ እርምጃ ያህል ወጥተዋል፤ በከዘራቸው ኮብልስቶኑን እየነኩ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።